በእግሩ ላይ የቆመው ርብራብ

ባለቤቴ ጠጠሯ አልተሰማችውም። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው።

የምንኖረው የካ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከቤታችን በላይ ባሕር ዛፉ ይጀምራል፤ በመካከሉ የሚያልፈው የእግር መንገድ ወደ እንጦጦ ያወጣል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በዚያ መንገድ ወጥቶ መውረድ ልማዱ ነበር። አንድ ቀን ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሶ አየሁ። ጫማውን ስገለብጠው የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጠር ወደቀች። ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ተረከዙን ስትበላው ቆይታለች፣ እሱ አላወቀም። ስኳር እንዳለበት እናውቅ ነበር። እግሩ መደንዘዙን ግን የነገረችን ያቺ ጠጠር ናት።

"ከሦስተኛ ፎቅ ወድቄ ተነሥቼ የሄድኩ ሰው፣ ጠጠር ሊጥለኝ ነው?" ብሎ ሳቀ።

ዕድሜውን ያሳለፈው ሕንፃ ሥራ ላይ ነው። በአናጢነት ጀምሮ ፎርማን ሆኖ ጡረታ ወጣ። ከተማ ውስጥ አብረን ስንሄድ ሕንፃዎቹን የሚያስታውሳቸው በስማቸው ሳይሆን ሲሠሩ በቆመላቸው የባሕር ዛፍ ርብራብ ነው። "ይሄ ክረምት ላይ ርብራቡ ያዘመመብን ነው" ይለኛል። እኔ የማየው በርና መስኮት ብቻ ነው።

ቁስሉ አልድን አለ። ጤና ጣቢያ ወራት ሙሉ ታጠበ፣ ታሸገ፤ ከላይ ቢታሸግም ከውስጥ እየሰፋ ሄደ። በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል ላኩን። እዚያ የተቀበለችን ሐኪም ከልጃችን በዕድሜ የምታንስ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቁስሉን ገልጣ አየች። ከዚያ ለእሱ ለራሱ ነገረችው። ቁስሉ ወደ አጥንቱ ተቃርቧል፤ ሥጋ ካልሞላበትና ቆዳ ካልሸፈነው እግሩ መቆረጡ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን የምትሞክረው አንድ ነገር አለ።

በማሸጊያ ውስጥ ያለ ነጭ ነገር አሳየችን። ውኃ የነካው ወፍራም ወረቀት ይመስላል። ወደ ብርሃኑ ስታነሣው ክር ክር ያለ፣ በየመሐሉ ቀዳዳ ያለው መሆኑ ይታያል።

"ኮላጅን ይባላል" አለችው። "የእኔንም የእርስዎንም ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት አያይዞ ያቆመው ክር ነው። ይሄኛው ከበሬ ጅማት የወጣ ነው። የበሬው ሕዋስ ሁሉ ታጥቦ ሄዶ ክሩ ብቻ ነው የቀረው። ቁስሉ ላይ ስናስቀምጠው የእርስዎ ሕዋሳት በቀዳዳዎቹ እየገቡ ይሰፍሩበታል። ከኋላቸው የደም ሥር ይከተላል። ከዚያ የራሳቸውን ክር እየሠሩ ጉድጓዱን ይሞሉታል። ሥጋ ሲሞላ ከጭንዎ ስስ ቆዳ ወስደን ከላይ እናለብሰዋለን።"

"ርብራብ ነው በይኛ!" አለ።

"በትክክል፣ ጋሼ። ርብራብ ነው።"

"ታዲያ መቼ ነው የምታፈርሱት?"

"እኛ አናፈርሰውም። ሰውነትዎ ቀስ በቀስ እያሟሟ ይጨርሰዋል።"

"ሠራተኛው ርብራቡን እየበላ የሚሠራበት ሳይት እኔ አላየሁም።" ጥቂት አሰበና ፊቱን ኮስተር አደረገ። "በሬውን ማን አረደው?"

ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ከውጭ አገር ነው የመጣው፣ ጋሼ። እሱን አላውቅም።"

"ይህን ያህል ተምረሽ ይህን ሳትጠይቂ ተቀበልሽ?" ብሎ ሳቀባት፤ እሷም ሳቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁላችንም የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከመውጣታችን በፊት ወደ እኔ ዞራ ተናገረች። "እናቴ፣ ርብራቡን እኛ እናቆማለን። ሲሚንቶና ብረቱ የሚመጣው ግን ከሚበሉት ምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ያስፈልጋቸዋል። ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ መድኃኒቱን እንዳይወስዱ። ይከታተሉልኝ።"

"እሺ" አልኳት። በእጄ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር።

እግሩ የተሠራለት ቅበላ ሳምንት ላይ ነው። የሞተውን ሥጋ ጠርገው ነጩን ነገር በቁስሉ ልክ ቆርጠው አስቀመጡለት፤ ከላይ አሸጉት። ቤት ይዘነው መጣን። ከመኪና መንገዱ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ሁለት የሰፈር ጎረምሶች በወንበር ተሸከሙት። እሱ ከላይ ሆኖ "ቀኝህን ዝቅ አድርግ! ሚዛኑን ጠብቅ!" እያለ ያዛቸዋል። "ጋሼ፣ እኛ ሲሚንቶ አይደለም የተሸከምነው" አለው አንዱ። "ሲሚንቶማ ቢሆን ዋጋ አለው" አለ እሱ።

መጀመሪያ ፋሻው ሲቀየር ሐኪሟ ፊቷ በራ። ነጩ ነገር ቀላ ብሏል። "ይዟል" አለች። ጠርዙ ላይ በጣቷ ጫን ብላ አሳየችኝ፤ ይነጣና ተመልሶ ይቀላል። ደም ገብቶበታል ማለት ነው። እኔ ተምሬ የጨረስኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ታይፕ ስመታ ነው የኖርኩት። ግን የበሬ ክር ውስጥ የእሱ ደም ሲመላለስ በዓይኔ አየሁ።

ሁዳዴ ገባ። ሰኞ ጠዋት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት አቀረብኩለት። ሳህኑን ሳይነካ አየው።

"ዛሬ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሃል።"

"ዛሬ ምንድን ነው ነው ያልኩሽ።"

"ሰኞ ነው።"

"የምን ሰኞ?"

ሳህኑን መለስኩት። ወተቱ ለጎረቤት ልጅ ሄደ። እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሰም፤ መድኃኒቱንም በባዶ ሆዱ አይወሰድም ተብሎ ስለነበር እስከ ዘጠኝ አቆየው።

ከዚህ በፊትም ይጾማል። ግን ስኳሩ ከተገኘበት ወዲህ ጠዋት ቁርስ እየበላ፣ ከፍስክ ብቻ ይከለከል ነበር። የንስሐ አባታችን ናቸው እንደዚያ ያሉት፣ እሱም ተቀብሎ ነበር። አሁን ለምን እንደጠነከረ አልገባኝም። ስጠይቀው "በቃ" ይለኛል። ባለቤቴ በቃ ካለ በኋላ የሚጨምረው ቃል የለውም።

ልጃችን ከአያት ሰፈር መጣች። እዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከሥራ ወጥታ ሁለት ታክሲ ቀይራ ስትደርስ ደክሟታል፣ ደክሟት ደግሞ ትቆጣለች።

"አባዬ፣ እግርህ እኮ ነው!"

"የኔ እግር መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ላይ ነው የተተከለው።"

"እግዚአብሔር እግር ቆርጠህ አምጣልኝ ብሎሃል?"

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽን።"

ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች። ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። ከመደርደሪያው አንድ እንቁላል አንሥታ ዘረጋችልኝ።

"ምቺበት። ነጩን ብቻ። አያውቀውም።"

"እሱ ባያውቅ እኔ አውቀዋለሁ።"

"እሺ እወቂዋ! እወቂውና እግሩ ይትረፍ!"

ሽሮው መፍላት ጀመረ። ባለቤቴ ከእኔ እጅ የሚቀበለውን ምግብ ምን እንዳለበት ጠይቆ አያውቅም። ሌላ ቤት ሲሄድ በጾም ቅቤ እንዳይኖርበት ወጡን በዓይኑ ይመረምራል፤ ቤቱ ግን ዝም ብሎ ይጎርሳል። እንቁላሉን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ዕቃ ነው የምታጥበው።

የንስሐ አባታችንን አስጠራኋቸው። ስለ ጾም የሐኪም ትእዛዝ ካልሰማ፣ ጾም የሚያውቅ ሰው ይዘዘው ብዬ ነው። ጸበል ረጭተው፣ ጸሎት አድርሰው ከተቀመጡ በኋላ ነገሩን ነገርኳቸው። ስለ በሬውም ነገርኳቸው።

"የበሬ ጅማት እግሬ ላይ ተጭኖ ስጾም ጾም ነው ወይ፣ አባቴ?" አላቸው እሱ ቀድሞ።

"በልተኸዋል?"

"እሷ ሰውነትህ ይበላዋል ነው ያለችው።"

አባ ከት ብለው ሳቁ። "በጉሮሮህ ካልወረደ የአንተ መብል አይደለም። እኔ የቆዳ ጫማ ተጫምቼ እጾም የለ እንዴ? አሁን ስማኝ። ጾም ለጤነኛ ነው የታዘዘው። በሽተኛ ይፈቀድለታል። እኔ ፈቅጄልሃለሁ። ነገ ጠዋት እንቁላሉን ብላ።"

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። እግሩ ሊሠራለት ሆስፒታል የገባ ቀን ለእመቤታችን ተስሏል። እግሬን ካተረፍሽልኝ ይህን ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳላጎድል፣ እንደ ጤነኛ ሰው እጾማለሁ ብሏል።

እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አባ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። "ስለት እኮ የሚገባው ከደረሰ በኋላ ነው። እግርህ ይዳንና በሚቀጥለው ዓመት ጹም። ማን ነው ሳይደርስለት የሚከፍል?"

"አባቴ፣ ያለ ቀብድ ሥራ የሚጀምር ኮንትራክተር በዕድሜዬ አላየሁም።"

"እመቤታችን ኮንትራክተር ናት?"

"አይደለችም። እኔ ግን ቃል ከሰጠሁ በኋላ ተመልሼ ዋጋ የቀነስኩበት ጊዜ የለም። አሁን ለእሷ ልቀንስ?"

አባ ብዙ ነገሩት። ቀኖናው ይቀየርልሃል አሉት፣ በምጽዋት አድርገው አሉት። እሱ "እሺ አባቴ" እያለ አዳመጠ። መስቀል ተሳልሞ ሸኛቸው። በማግስቱ ጠዋት ሳህኑን አልነካውም። አባን በር ድረስ ስሸኛቸው "እኔ ፈትቼዋለሁ። እሱ ራሱን አልፈታም። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ?" ብለውኛል።

የቀረኝ በጾም የሚበላው ብቻ ነው። ሐኪሟን ደውዬ ጠየቅኳት። ተናደደች፣ ከዚያ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ የሚሆነውን ነገረችኝ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ የአኩሪ አተር ዱቄት። በዘጠኝ ሰዓቷ ሳህን ላይ ሁሉንም አደርግ ጀመር። አኩሪ አተሩን ሽሮው ውስጥ እጨምራለሁ፤ የጾም ምግብ ስለሆነ ሳልደብቅ ነገርኩት። ለውዙን ፈጭቼ ዳቦ ላይ እቀባለሁ። የባቄላ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት። ግማሹን በልቶ ሳህኑን ይገፋል።

"ጨርሰው።"

"ጾም እስኪጠግቡ መብላት ነው እንዴ? በዘጠኝ ሰዓት ሠርግ ደገስሽብኝ እኮ።"

"ለሠራተኞቹ ነው" አልኩት። እግሩን አሳየሁት። ፈገግ አለና አንድ ጉርሻ ጨመረ። አንድ ጉርሻ ብቻ።

ጉንጩ ገባ። ከሰዓት በፊት ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት አጠገቡ ተቀምጬ ፊቱን አያለሁ። ሌላ የምሠራው ሥራ አልነበረኝም። ወደ ላይ የሚወጡ ሰዎች በአጥራችን ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማል። በእሑድ ወጣቶቹ ወደ እንጦጦ ፓርክ ሲሄዱ ይሳሳቃሉ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ "ጠጠር ይጠንቀቁ" ይላል።

በጾሙ አጋማሽ አካባቢ ፋሻው ሲፈታ ሐኪሟ መብራቱን ወደ እግሩ አስጠጋች። ቀርቤ አየሁ። ከውስጥ በኩል ያለው ግማሽ ቀይ ነው፣ ሥጋ ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ከዳሩ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ወደ ውጭ ያለው ግማሽ ደግሞ ግራጫ ሆኖ ሟሙቷል፤ ሲነካ ይነሣል። ሁለቱን የሚለየው መስመር በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

"ግማሹ ይዟል" አለችው። "ያልያዘውን አጥበን እንደገና እንሞክራለን።"

"ያ ምን ሆነ?"

"ሕዋሳቱ አልገቡበትም። ወይም ገብተው የሚሠሩበት አላገኙም።"

"ዕቃ አልቀረበላቸውም በይኛ።"

የሟሟውን ማጠብ ጀመረች። ውጪ ብቻዋን አግኝቻት ከጾሙ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ጫማዋን እያየች ነው የመለሰችልኝ። ከጾሙ ሊሆን ይችላል፣ ከስኳሩ ሊሆን ይችላል፣ ወደዚያ በኩል የሚሄደው የደም ሥር የጠበበ ሊሆን ይችላል። እየበላም ላይዝ የሚችልበት ጊዜ አለ። "ይሄ ነው ብዬ ብነግርዎ ውሸት ነው፣ እናቴ" አለችኝ። ጥፋቱን ከአንዱ ላይ ብታሳርፍልኝ እወድ ነበር። አላሳረፈችውም።

እንደገና ሊሞከር አልደረሰም። ትኩሳት ያዘው። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አበጠና ጠቆረ፤ ሽታው ከክፍሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይሰማል። ሆስፒታል ሲደርስ መመረዙ አጥንቱን ይዟል አሉ። ሆሳዕና ዕለት አስተኙት። በማግስቱ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከመቆረጡ በፊት ራሱ ፈረመ። እኔን አየና "አንቺ ምንም አላጎደልሽም" አለኝ። ሰሙነ ሕማማት ገብቷል፤ በዚያ ሳምንት ሰው ከሰው አይሳሳምም። አልሳምኩትም። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንዲት ነርስ ወጥታ ጠራችን። "የተቆረጠውን ትወስዱታላችሁ ወይስ እኛ እናስወግደው?" ልጄ ፊቷን ሸፈነች። እንወስደዋለን አልኩ። እንደሚጠይቁ ከሰው ሰምቼ ስለነበር አቡጀዲ ይዤ ነበር። በፕላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ እኔ በአቡጀዲው ጠቀለልኩት፤ ዘንቢል ውስጥ አደረግሁት። ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ሰው አክባሪ።

"ማዘር፣ ዘንቢሉን ከኋላ ላድርግልዎ?"

"ይሁን፣ እይዘዋለሁ።"

"የፋሲካ ዕቃ ነው? ዘንድሮ ቀድማችኋል።"

"አይደለም፣ ልጄ" አልኩት። ልጄ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን።

አባ ይጠብቁን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ከግቢው ጥግ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ቆፍሯል። አፈሩ ድንጋያማ ነው፤ ጉልበት ድረስ ቆፍሮ ዶማው አልገባ ብሎታል። ጸሎት ይደረግለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ሙሉ ሰው ቢሞትም በዚህ ሳምንት አይፈታም" አሉኝ። "ለዚህ ሳምንት የሚሆነው ፍትሐት በሆሳዕና ተደርጓል። ለሁላችንም ተደርጓል። ትናንት ይህ እግር ከባለቤቱ ጋር ነበር፤ ደርሶታል።"

ዘበኛው ተቀብሎኝ ሊያወርደው ሲል በየት በኩል ይሁን ብሎ ጠየቀ። እንደ ሰው ነው፣ ጣቶቹ ወደ ምሥራቅ አሉ አባ። አወረደው። አፈር ሲመልስበት ቆሜ አየሁ። ለለቅሶ የመጣ ሰው የለም፣ ድንኳን የለም፤ እድሩም ለእግር የሚወጣ አይደለም። ልጄ ክንዴን ይዛ "እንሂድ፣ እማዬ" አለችኝ። ሄድን።

ሆስፒታል ስመለስ ነቅቷል። ከንፈሩ ደርቋል። ከብርድ ልብሱ ሥር አንዱ እግሩ እስከ ታች ይታያል፣ በሌላው በኩል ጨርቁ ጉልበቱ ጋ ወድቆ ጠፍጣፋ ሆኗል።

"የት አደረጋችሁት?"

"ግቢው ውስጥ። ባሕር ዛፎቹ ሥር።"

"ጥልቅ ነው? ጅብ ይወጣል እኮ እዚያ።"

"ጉልበት ድረስ ነው። ዘበኛው ድንጋይ ይጭንበታል ብለውኛል።"

"ጭኖ ሲጨርስ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

ራሱን ነቀነቀ። ፎርማን እያለ ሠራተኛ ያላየውን ነገር አየሁ ሲለው እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ስለዚህ አልዋሸሁትም። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ።

"ያ የያዘው ግማሽስ?"

"የቱ?"

"ይዟል ያለችው። ሥጋ የሞላው።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በአቡጀዲው ስጠቀልለው እግር ብቻ ነው የመሰለኝ። "እሱም አብሮ ሄደ" አልኩት።

"አይ" አለ። "እነዚያ እኮ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር።"

የሆስፒታሉ ምግብ መጣ። ምስር ወጥ ነው፣ ጾም። ሐኪሟ ከኋላ ገብታ ቆማለች፤ ዛሬስ ይበላል ብላ ነው የመጣችው። እኔ ትራሱን ከፍ አድርጌለት ሳህኑን አቀረብኩ። ስለቱ የእግሩ ነበር፤ እግሩ ከሌለ ስለቱም የለም ብዬ አስቤ ነበር። እሱ ግን በመስኮቱ ብርሃኑን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"ስንት ሰዓት ነው?"

ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለከተች። ሰዓቴን አየሁ።

"ገና ነው" አልኩት።

ሳህኑን ከድኜ አጠገቡ ተቀመጥኩ።